የማንጎ ሥር ጋራዥ

አሶሳ ውስጥ ጋራዥ ለመክፈት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የማንጎ ዛፍ ነው። ፈቃዱ፣ ደንበኛውና መሣሪያው ቀስ ብለው ይመጣሉ። ዛፉ ግን ቀድሞ መገኘት አለበት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተጋድሞ የባጃጅ ሞተር የሚያወርድ ሰው ከሞተሩ በፊት እሱ ይግላል። ከዛፉ ቀጥሎ አጥር ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ አገር ስለሆነ በአጥር የሚቸገር የለም። ከአጥሩ ቀጥሎ ታፔላ ይመጣል፤ በታፔላ ላይ ደግሞ ማንም ገንዘብ አይቆጥብም። «ዘመናዊ የመኪና፣ የባጃጅ፣ የሞተር ሳይክልና የጀነሬተር ጥገና በሰለጠኑ ባለሙያዎች» ተብሎ በቀይና በሰማያዊ ተጻፈ። ባለሙያዎቹ አንድ ሰው ናቸው፤ እሱም የእህቴ ልጅ ነው። ታፔላው በተሰቀለበት ቀን ከጀርባው የነበረው ንብረት አንድ ካቻቢቴ፣ አፉ የላላ ፒንሳና እጀታው የተሰነጠቀ መዶሻ ነበር።

ልጁ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአውቶ መካኒክ የተመረቀ ነው። እቁቡ ወጥቶለት 40 ሺህ ብር እንደጨበጠ እኔ ዘንድ መጣ። «ጋሼ፣ የመሣሪያ ዕቅድ አውጥቻለሁ። አማርኛውን ያሳምሩልኝ» አለኝ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሠፈር ውስጥ ሌላ ምን ይሠራል!

ዕቅዱ አራት ገጽ ነው። መኪና የሚያነሳ ሊፍት፣ ሞተር ማውጫ ክሬን፣ የጎማ ሚዛን ማስተካከያ፣ ብልሽት የሚያነብ ኮምፒውተር፣ ኮምፕሬሰር፣ ፕሬስ እያለ ይወርድና አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ቦታ ሊያልቅ ሲል፣ «ልዩ ልዩ ቁልፎች» ይላል። ልጁ የኮሌጁን ወርክሾፕ ከነግድግዳው ገልብጦታል። ሊፍቱ ብቻውን እቁቡን ከነአባላቱ ይውጣል። እኔ ግን የተጠየቅኩት አማርኛ ስለሆነ አማርኛውን ሠራሁ። ራዕይ ጨመርኩለት፦ «በ2022 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ ተመራጭና ተወዳዳሪ ጋራዥ ሆኖ ማየት።» ተልዕኮም፣ እሴቶችም፣ መልካም አጋጣሚና ስጋትም አስገባሁ። በእኛ አገር ዕቅድ ያለ ራዕይ አይነበብም። ከነራዕዩም አይነበብም፤ ግን ይፈረምበታል።

ይህንን ዕቅድ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት ብቸኛው ሰው ሐጂ ናቸው። ሐጂ ልጅነታቸውን ድንበር ተሻግረው ደማዚን ላይ፣ ቤድፎርድ ሎሪ ሥር ያሳለፉ፣ ወደ አሶሳ ተመልሰው ደግሞ በፊያት ኤንትሬ ሥር የሸበቱ መካኒክ ናቸው። ዛሬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጆሯቸው ግን ባጃጅ ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሲል የፍሪሲዮኑ ገመድ መላላቱን ይነግራቸዋል። ራዕዩን በጥሞና አነበቡ፤ እሴቶቹንም አላለፏቸውም። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩና፣

«መምህር፣ ይሄ ሁሉ መልካም ነው። ብሎኑን የሚፈታው የትኛው ገጽ ነው?» አሉኝ።

መልስ ሲያጡ ወረቀቱን አጥፈው ለልጁ ሰጡት። «ያ ወለድ፣ በርጩማ አውጣና በሩ ላይ ተቀመጥ። ደብተር ያዝ። የሚያልፈውን ተወው፤ የሚገባውን ብቻ ጻፍ።»

ይህ ነገር ያኔ የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ስለ መሣሪያ በጀት ከተነገረኝ ሁሉ ቁም ነገር ያለው እሱ ብቻ ይመስለኛል። የአሶሳን አስፋልት እያየ ቁልፍ የሚገዛ ሰው መክሰሩ አይቀርም። በመንገዱ ላይ ረጅም አንቴና የተከሉ ነጫጭ ላንድክሩዘሮች ይመላለሳሉ፤ ሸርቆሌና ባምባሲ የስደተኛ ጣቢያዎች አሉ፣ በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል፤ የእርዳታ ድርጅት መኪና በዝቷል። ልጁ እነሱን እያየ ነበር ብልሽት የሚያነብ ኮምፒውተር የተመኘው። እነዚያ መኪናዎች ግን የራሳቸው ጋራዥና የራሳቸው ውል አላቸው። ማንጎ ሥር የሚቆሙት ማንጎ ሊገዙ ብቻ ነው። ሲኖትራኮቹም እንዲሁ ናቸው። ሹፌሩና ረዳቱ መንገድ ዳር ቅርንጫፍ ጎዝጉዘው፣ ድንጋይ አስደግፈው፣ ራሳቸው ፈትተው ራሳቸው ይገጥማሉ።

የልጁ ደብተር ሲገለጥ እንዲህ ይላል፦ ባጃጅ። ባጃጅ። ቦክሰር ሞተር ሳይክል። ባጃጅ። «ሰላም ሊል የመጣ።» ቲቪኤስ ሞተር ሳይክል። ባጃጅ። ውሃ ሊጠጣ የገባ። የወፍጮ ቤት ሞተር። ባጃጅ። ያረጀ ሃይሉክስ፣ ሳይከፍል የሄደ። ከባምባሲ በቆሎ የጫነ አይሱዙ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊፍት የሚፈልግ አንድም የለም። ባጃጅ እንኳን ሊፍት ክሪክም አይጠይቅም፤ ሁለት ጎረምሳ በጎኑ ገፋ አድርጎ ያጋድመዋል።

ሐጂ እርሳስ አንስተው አዲስ ዝርዝር ጀመሩ። ገቢው በዋናነት ባጃጅና ሞተር ሳይክል ከሆነ፣ የሚፈታው ብሎን በአብዛኛው ከ8 እስከ 17 ቁጥር ባለው ውስጥ ያልቃል። እዚህ ላይ ልጁ በተራው አዋቂ ሆነና አስረዳን፦ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ጃፓን ሲሠራው ጭንቅላቱ 12 ቁጥር ነው፣ ጀርመን ሲሠራው 13 ነው። ለቶዮታ 10፣ 12፣ 14፣ 17 ይዞ የወጣ መካኒክ አውሮፓ ሠራሽ መኪና ሲገጥመው 13 ፍለጋ ጎረቤት ይንከራተታል። 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ትንሹ ብሎን ግን ቶኪዮም ይሠራ ሙኒክ ጭንቅላቱ 10 ነው። የዓለም ጋራዦች ሁሉ 10 ቁጥር ሲጠፋባቸው የሚኖሩት ለዚህ ነው፤ ሁሉም ቦታ ይገባል፣ ሁሉም ሰው ያነሳዋል፣ ሁሉም ሞተር ውስጥ ይወድቃል። ሐጂ ዝርዝሩ ላይ «10 ቁጥር» ብለው ጻፉና ትንሽ አስበው ከጎኑ «ሦስት» አሉ። ጥቂት ቆይተው ሦስቱን ሰርዘው አምስት አደረጉት። በሒሳብ አያያዝ 10 ቁጥር ከቋሚ ንብረት ሳይሆን ከዘይትና ከናፍጣ ጋር በአላቂ ዕቃ መመዝገብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

መቼም ልጅ ልጅ ነው፣ በዚህ መሃል ስልኩን አውጥቶ አንድ ሳጥን አሳየን። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ በቴሌግራም የለጠፈው ነው። ጥቁር ሻንጣ ሲከፈት ቡሶላው በመጠን በመጠኑ ተደርድሮ ያብለጨልጫል። «216 ፍሬ፣ ጋሼ! ሁሉም በአንድ ሳጥን!» ዋጋው ከእቁቡ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ሐጂ ፎቶውን እያሰፉ አንድ በአንድ መረመሩት። ከ216ቱ ብዙው ጥቃቅን የካቻቢቴ ጫፍ ነው። አንድ ረድፍ ሙሉ ደግሞ በኢንች የተለካ ቡሶላ ነው። «ይቺ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ናት። ቤድፎርድ ሲመጣ ጥሩኝ» አሉና ስልኩን መለሱ። የእሳቸው የኢንች ቁልፎች ደማዚን ከተገዙ ጀምሮ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ቤድፎርዱ ግን አልመጣም። ሁለት ዓይነት ተሽከርካሪ ለሚጠግን ሰው እንዲህ ያለ ሳጥን መግዛት ባልና ሚስት ብቻ ለሚኖሩበት ቤት የድግስ ድስት እንደመግዛት ነው።

ልጁ እንዳያኮርፍ እኔም ከማውቀው አንድ ነገር ጣል አደረግሁ። ዱሮ ብዙው ቡሶላ ከእጀታው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነበር። ጆሴፍ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ 10 ቡሶላና 5 እጀታ ለየብቻ ሠርቶ እያቀያየሩ ቢጠቀሙባቸው የ50 ቁልፍ ሥራ ይሠራሉ አለ። አለቆቹ አልሰሙትም። እሱም ከባልደረባው ከዊልያም ሳይደማን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1920 ስናፕኦን የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ ስናፕኦን የሚታወቀው ዋጋው በመወደዱ ነው፤ ሲነሳ ግን ሐሳቡ 15 ብረት ገዝቶ 50 ማግኘት ነበር። ሐጂ ሰውየውን ወደዱት። «ከእኛ ጋር ቢሆን ኖሮ እንግባባ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር በምን ላይ እንቆጥብ የሚል ነበር። እኔ እንደ ማንኛውም ሰው በሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀነስ ባይ ነኝ። ሐጂ ይህን አይቀበሉም። ክሪክና መኪናውን ከሥር የሚደግፈው ብረት ላይ ሳንቲም አትቀንሱ አሉ፤ ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለማቆም አይደለም፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ኑዛዜውን ጽፎ ይግባ። ቡሶላው ባለ 6 ጎን ይሁን። ባለ 12 ጎኑ በቶሎ ይያዛል፣ የዛገ ብሎን ሲገጥመው ግን ጠርዙን ልጦ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ብሎን የመካኒክ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የበያጅ ሥራ ይሆናል። ጎኑ ላይ ክሮም ቫናዲየም የሚል ማኅተም አለ ብለህ አትመን፣ ማኅተም ርካሽ ነው። አዲስ ብሎን በኪስህ ይዘህ ሱቅ ግባ፣ ቡሶላው ውስጥ ከትተህ ነቅንቀው፤ ከተንገጫገጨ ሰላም ብለህ ውጣ።

ቁጠባው ያለው ሌላ ቦታ ነው። መዶሻው እጀታ ቢቀየርለት አይሞትም። ማስረዘሚያ የሚሆን ወፍራም ቧንቧ ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ይገኛል። መሮውን ከአሮጌ ባሌስትራ ቀጥቃጭ ያወጣዋል፤ ገበሬው ማረሻ የሚያሠራበት ያው ብረት ነው። መብራት መሞከሪያ አንዲት የፍሬቻ አምፖልና ሁለት ሽቦ ናት። ዘይት መቀበያው በጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የብሎን ማስቀመጫው የሳልሳ ቆርቆሮ፣ ወድቆ ሳር ውስጥ የገባውን 10 ቁጥር መፈለጊያው ደግሞ ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ነው። ዕቅዱ ላይ የነበረው ባለ መሳቢያና ባለ ጎማ የመሣሪያ ቁም ሳጥን ተሰርዞ በምትኩ ከአጥሩ ከተረፈው ቀርከሃ መደርደሪያ ተሠራ። እያንዳንዱ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ቦታ በከሰል ተሥሏል። ሲመሽ ብረት የሌለበት ሥዕል ካለ ማን ወስዷት እንደሆነ ይጠየቃል።

ኮምፕሬሰሩም ተሰረዘ። በዚህ ላይ ልጁ ከሁሉም በላይ ተከራከረ። «ሐጂ፣ ግድቡ እኮ እዚሁ ጉባ ነው! 5150 ሜጋ ዋት!» አለ። እውነቱን ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በክልላችን መሬት ላይ ቆሞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በዚያ ቀን እኔም ጨፍሬያለሁ። ሆኖም ሐጂ እንዳሉት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክልል መሆንና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መብራት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መብራት ሲሄድ እጀታ አይጠፋም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሁሉ ወደ ሁለተኛው እቁብ ተላለፈ። ከኤሌክትሪክ ወገን አንድ መልቲሜትር ብቻ ቀረ፤ እሱም ልጁ ስለ ወደፊቱ ስለተጨነቀ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ወስኗልና አንድ ቀን ዘይት የማይቀየርለት፣ ካንዴላ የሌለው ነገር በቀርከሃው በር መግባቱ አይቀርም። ሐጂ ስለዚህ ሲነገራቸው፣ «ፍሬን አለው?» ብለው ጠየቁ። አለው ተባሉ። «እንግዲያው እንበላለን» አሉ።

ዝርዝሩ ሲያልቅ አንድ ገጽ ሆነ። የቀረው ዋጋው ነበር። የውጭ ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጥቷል፤ ብረቱም አብሮ ተሰቅሏል። ልጁ ኮሌጅ ሳለ የዋጋ ጥናት ብሎ የያዛት ማስታወሻ አሁን ለሳቅ ብቻ ታገለግላለች። ስለዚህ አዲስ አበባ መሄድ የግድ ሆነ። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለጥቂት ቁልፍ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ሞኝነት የሚመስለው መርካቶን የማያውቅ ሰው ነው። አዲሱን ቡሶላ ከመሣሪያ ሱቆች፣ ያገለገለውን ጠንካራ ቁልፍ፣ ሞርሳውንና ብረታ ብረቱን ከምናለሽ ተራ ገዛ። ምናለሽ ተራ ውስጥ የተጣለ ነገር የሚባል የለም፤ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ባሌስትራ መሮ ይሆናል፣ ምንም የማይሆን ነገር ደግሞ ይሸጣል። ሶማሌ ተራን ግን አትርገጥ ብለን አስጠንቅቀነው ነበር። እዚያ የሚሸጠው የመኪና ዕቃ ነው፤ የልጁ እግር ወደዚያ ከዞረ የቁልፉ ብር ለማይታወቅ መኪና የጎን መስተዋት ይውላል።

ሲመለስ ጆንያው ከአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ተጭኖ መጣ። አንድ ፍተሻ ላይ ፈታሹ ጆንያውን ሊያነሳ ሞክሮ አቃተው። «ምንድነው ይሄ የከበደው? ወርቅ ነው?» አለ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ሳቀ። ወርቅ ከአሶሳ ይወጣል እንጂ ወደ አሶሳ ተሸክሞ የሚገባ ማን አለ?

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ያ ከባምባሲ የመጣው አይሱዙ ነበር፤ የግራ የኋላ ጎማው ይፈታ ተባለ። ልጁ አዲሱን ቡሶላ ገጠመ፣ ቧንቧውን ቀጠለ፣ ተንጠለጠለ። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ተጨመረ። ሎተሪ አዟሪው ሎተሪውን አስቀምጦ ተጨመረ። ሦስት ሆነው ሲዘሉበት ቧንቧው ታጠፈ። ሐጂ ከበርጩማቸው ተነሥተው፣ በአውራ ጣታቸው የብሎኑን ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ከዝገቱ ሥር የተቀረጸች አንዲት «ኤል» አሳዩ። የቆዩት አይሱዙዎች በግራ በኩል የጎማቸው ብሎን ጥርስ ግራኝ ነው፤ ተሽከርካሪው ሲሄድ ዳዶው እንዳይላላ ሆን ተብሎ ተገልብጦ የተሠራ ነው። «ባለመኪናው ደስ ይበልህ» አሉ ሐጂ ወደ ሹፌሩ ዞረው፣ «ካርቱም ድረስ ብትሄድ ይህ ጎማ አይወልቅብህም።»

ከዚህ ሁሉ በጀት ውስጥ ያልገባው ጎረቤት ነው። እኔም ያሳመርኩት አማርኛ ውስጥ «ስጋት» በሚል ርዕስ ሥር አላስገባሁትም። በእኛ መንገድ ላይ ጎሚስታው ትልቅ ክሪክ አለው፣ በያጁ መፍጫ አለው፣ ባትሪ ቤቱ ቻርጀር አለው፤ ማንም ሙሉ መሣሪያ የለውም። ሐጂ ይህን ቆጥረው ነበር ጎረቤት ያለውን ሁሉ ከዝርዝሩ ያወጡት። ልጁ ግን መርካቶ ደርሶ በመጣበት ሳምንት ከአምስቱ 10 ቁጥር ሁለቱ ባዶ የከሰል ሥዕል ብቻ ሆነው ቀሩ። ተናደደ። «ጋሼ፣ አንድ ማስታወቂያ ይጻፉልኝ» አለ። ጻፍኩለት፦ «መሣሪያ ያለ መያዣ አናውስም።» ሐጂ አንብበው ምንም አላሉም።

የመጀመሪያው ተጠቂ ጎሚስታው ነበር። 14 ቁጥር ሊዋስ መጥቶ ማስታወቂያው ተነበበለት። መታወቂያ አልያዘም፣ ስልኩን መስጠት አልፈለገም። በመጨረሻ አንድ እግር ጫማውን አውልቆ ትቶ ሄደ፤ በአንድ እግር ጫማ ርቆ የሚሄድ የለምና መያዣው ተቀባይነት አገኘ። ቁልፉን በሰዓቱ መልሶ ጫማውን ወሰደ። በሚያጠልቅበት ጊዜ ልጁን ያየበት አስተያየት ግን የይቅርታ አልነበረም።

በማግሥቱ አንድ ወርቅ ቆፋሪ የውሃ ፓምፕ በሞተር ሳይክል ጭኖ መጣ። እንቢ ብሏል፣ ቁፋሮው ውሃ ሞልቶበታል፣ አሁኑኑ ይነሣልኝ ይላል። ልጁ ካንዴላውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የገዛው የካንዴላ ቁልፍ አልገባ አለ፤ የፓምፑ ተለቅ ያለ ነው፣ 21 ቁጥር ይጠይቃል። በሩ ላይ ተቀምጦ የሚገባውን ሲጽፍ ፓምፕ አልገባም ነበር። 21 ደግሞ ያለው ጎሚስታው ዘንድ ነው። ልጁ ሄዶ ሲመለስ ቁልፉን በቀኝ እጁ ይዟል፣ በግራ እግሩ ግን ካልሲ ብቻ ነው። ማንም አልጠየቀውም።

ካንዴላው በጥላሸት ተሸፍኖ ነበር። ጠራርጎ ገጠመው፣ ገመዱን ሳበ፣ ፓምፑ ተነሣ። ወርቅ ቆፋሪው ደስ ብሎት ሒሳቡን ከፈለ፤ ሊሄድ ሲል የልጁን እግር አየና ኪሱ ገብቶ 50 ብር ጨመረለት። «ጫማ ግዛበት፣ ወንድሜ» አለው።

ሐጂ ሳቃቸውን አፍነው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ይቺን 50 ብር መዝገቡ ላይ በየትኛው እሴት ሥር ታስገቧታላችሁ?»